ተጠንቀቁ፦ «16 ቴራ» የተባለው ዲስክ እና «50,000» የተባለው ፓወር ባንክ

መዳፍ ውስጥ የሚገባ «16 ቴራባይት ኤስኤስዲ» (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ፈጣን የፋይል ማስቀመጫ ዲስክ) በርካሽ ሲሸጥ ካያችሁ አትግዙት። የረከሰው ፋብሪካው በቀጥታ ስለሚሸጥ ወይም የዓመት ማጣሪያ ቅናሽ ስለሆነ አይደለም። ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ 32 ወይም 64 ጊጋ የሚይዝ ተራ ሚሞሪ ካርድ ስለሆነ ነው። ይኸው ማታለያ 2 ቴራ በሚባሉ ፍላሾችና 1 ቴራ በሚባሉ ሚሞሪ ካርዶች ላይም አለ። ሌላ የተበላሸ ዕቃ ገንዘብ ብቻ ያከስራል፤ ይህ ግን የጉዞ ፎቶና ቪዲዮን ይዞ ይጠፋል፤ ያውም ምንም ምልክት ሳያሳይ።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ኮምፒውተር የተሰካበትን ዲስክ ራሱ አይለካም። ስንት እንደሚይዝ ይጠይቃል፣ በዲስኩ ሰሌዳ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ ይመልስለታል። አታላዮቹ የዚህን ቺፕ ፈርምዌር፣ ማለትም ቺፑን የሚያሠራውን የውስጥ ፕሮግራም፣ ቀይረው «16 ቴራ ነኝ» እንዲል ያደርጉታል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ያንኑ ያሳያችኋል። ፋይል ኮፒ ስታደርጉ እስከ 64 ጊጋ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነው። ከዚያ በኋላ የሚላከው ዳታ እንደ ቺፑ ዓይነት ወይ ዝም ብሎ ይጣላል፣ ወይ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይጻፋል። በሁለተኛው ዓይነት አዲሱ ፎቶ አሮጌውን ያጠፋል ማለት ነው።

ሰውን የሚያዘናጋው የፋይሎቹ ማውጫ ነው። ስምና መጠን የሚመዘገብበት ማውጫ የሚቀመጠው በዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ እውነተኛው ቦታ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ፎልደሩን ስትከፍቱ ሁሉም ፋይል በስሙና በሙሉ መጠኑ ይታያል። ስትከፍቱት ግን ፎቶው ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይመጣል፣ ቪዲዮውም አይነሳም። ኮፒ እንዳደረጋችሁ ወዲያው ብትከፍቱትስ? ሊከፈት ይችላል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ገና በራሱ ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ላይ ያለውን ነው የሚያሳያችሁ። ነቅላችሁ መልሳችሁ ስትሰኩት ነው ጉዱ የሚወጣው። ተጓዦች በብዛት የሚጎዱት በዚህ ነው፦ ማታ ካሜራውን ወደ ዲስኩ ያራግፋሉ፣ አንድ ሁለት ፎቶ ከፍተው ያያሉ፣ ከዚያ የካሜራውን ካርድ ፎርማት ያደርጋሉ።

ሳይገዙ በፊት ከፎቶው ብቻ የሚያዝ ውሸትም አለ። በሚሞሪ ካርዱ ላይ «ኤክስሲ» (XC) የሚል ምልክት ካለ ደረጃው የሚፈቅድለት ጣሪያ 2 ቴራ ነው። ከዚያ በላይ ለመያዝ «ዩሲ» (UC) የሚባለው ደረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ኤክስሲ» ተጽፎበት 4 ወይም 8 ቴራ የሚል ካርድ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። 1 ቴራ የሚይዝ ማይክሮ ካርድ ለገበያ የበቃው በፈረንጆቹ 2019 ነው፤ ይህን ያህል አዲስና ውድ ነገር በአሥር እጥፍ አድጎ በርካሽ አይመጣም። ኪስ የሚገቡ እውነተኛ ኤስኤስዲዎች በአብዛኛው 1፣ 2 እና 4 ቴራ ናቸው፤ 8 ቴራም አለ፣ ግን ዋጋው የማይደፈር ነው።

ፍላሹ እጃችሁ ከገባ አፉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን እዩ። ፈጣኑ ዩኤስቢ 3 ከሆነ ከፊት አራት ወርቃማ መስመሮች፣ ከኋላቸው ደግሞ አምስት ትንንሽ ነጥቦች፣ በድምሩ ዘጠኝ መገናኛ ሊኖረው ይገባል። ፕላስቲኩ ሰማያዊ ሆኖ አራት ብቻ ካለው ቀርፋፋው ዩኤስቢ 2 ነው፤ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ለማስመሰል የተደረገ ቀለም ብቻ ነው። ለኤስኤስዲው ደግሞ በማክ የሲስተም መረጃ ውስጥ የዩኤስቢውን ዝርዝር ክፈቱ። ፈጣን ነው የተባለው ዲስክ ከፈጣን መሰኪያና ኬብል ጋር ተሰክቶም «480 ሜጋቢት» ካለ ዩኤስቢ 2 ነው። እንዲህ ያለው በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ገደማ ይጽፋል፤ ደህና የሚባለው ኤስኤስዲ ግን 1,000 አካባቢ ይደርሳል።

ቀርፋፋነቱ ሻጩን እንደሚጠቅመውም ልብ በሉ። በሰከንድ 30 ሜጋባይት እየተጻፈ 16 ቴራ ለመሙላት ከስድስት ቀን በላይ ያለማቋረጥ ይፈጃል። ማንም ሰው ይህን አይሞክርም፤ ብዙው ገዢ ዲስኩ ጥሩ ነው ብሎ አምስት ኮከብ የሚሰጠው ገና 10 ጊጋ ሳይጭንበት ነው። አስተያየቶቹን ስታነቡ ከአዲሱ ጀምራችሁ፣ ዝቅተኛ ኮከብ የሰጡትን አስቀድሙ። አስተያየቱ ስለ ስልክ ሽፋን ወይም ስለ ካልሲ የሚያወራ ከሆነ ሻጩ የድሮ ዕቃ ገጽ ላይ አዲስ ዕቃ ለጥፎ ኮከቡን ወርሷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ከጀርመን የመጣ ስለሆነ ሲከፈት መጀመሪያ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩት። ዲስኩን ባዶ አድርጉ፣ ምረጡት፣ ከዚያ ጻፍና አረጋግጥ የሚለውን ተጫኑ። እያንዳንዳቸው 1 ጊጋ የሆኑ ፋይሎች ይጽፋል፣ ከዚያ አንብቦ ያመሳክራል። መጨረሻ ላይ ስንቱ ደህና፣ ስንቱ የጠፋ ዳታ እንደሆነ ለይቶ ይነግራችኋል። ሙሉውን መጠበቅ ካልቻላችሁ መጠኑን ወስናችሁ 150 ጊጋ ብቻ አስጽፉ፤ 64 ጊጋ የሆነው እዚያው ይጋለጣል። ያን ማለፉ ግን የቀረውን አያረጋግጥም። ለትልቅ ዲስክ ቫሊድራይቭ (ValiDrive) ይሻላል፤ በዲስኩ ዙሪያ 576 ቦታዎችን ብቻ እየነካ ስለሚፈትሽ ቶሎ ያልቃል። ማክና ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የተባለው አለ፤ አንዱ ትእዛዝ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል። የሊኑክሱ ኤፍ3ፕሮብ ደግሞ ትልቁንም ዲስክ በደቂቃዎች ይለካል፤ አጥፊ በሚለው አማራጭ ከተነሳ ግን ዲስኩ ላይ ያለውን ስለሚያጠፋ ፎቶ ባለበት ዲስክ ላይ አታስነሱት። ፕሮግራሞቹን ከሠሪዎቻቸው ገጽ ብቻ አውርዱ፤ ፍለጋ ላይ ማስታወቂያ ሆኖ ከላይ የሚመጣውን እለፉት።

በዚህ መሃል ያለ ጥፋቱ የሚወቀስ ዲስክ እንዳይኖር፦ 1 ቴራ የተባለው ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ፣ 64 የተባለው 59.6 ሆኖ ቢታይ ማጭበርበር አይደለም። አምራቹ በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው።

ፎቶዎቻችሁን ቀድማችሁ ጭናችሁበት ከሆነ ምንም አትጨምሩበት፣ ፎርማትም አታድርጉት። የሚከፈቱትን ወደ ሌላ ዲስክ አውጡ። የካሜራው ካርድ ካለ ፎርማት ቢደረግም እንኳ ሌላ ፎቶ አታንሱበት፤ መመለሻ ፕሮግራም የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ውሸታሙ ዲስክ ላይ ከወሰኑ በላይ የሄደው ግን መጀመሪያውኑ ስላልተጻፈ፣ ሌላ የተጻፈበትም ስለጠፋ፣ በምንም ፕሮግራም አይመለስም፤ «እንመልሳለን» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትስሙ። የማይከፈት ቪዲዮ ሲያጋጥም ደግሞ ያገኙት ነፃ የፋይል መቀየሪያ ገጽ ላይ መጫን የተለመደ ነው፤ የአሜሪካው ኤፍቢአይ የዴንቨር ቢሮ በፈረንጆቹ ማርች 2025 እንዲህ ካሉ ገጾች አንዳንዶቹ ቫይረስ እንደሚጭኑ አስጠንቅቋል።

ፓወር ባንኩም ያው ነው፤ እዚህ ግን ሚዛን ያጋልጠዋል። ላዩ ላይ የተጻፈውን የሚሊአምፒር ሰዓት ቁጥር በ3.7 አባዝታችሁ ለ1,000 አካፍሉት፣ የሚይዘውን ኃይል በዋት ሰዓት ይሰጣችኋል። 10,000 የሚለው 37 ዋት ሰዓት፣ 50,000 የሚለው 185 ይሆናል። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው 18650 የሚባለው ሲሊንደር ባትሪ ነው፤ አንዱ ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፣ ጥሩው 3,500 ገደማ ይይዛል። 50,000 ለመሙላት አሥራ አምስት ባትሪ፣ ማለትም ሽፋኑን ሳይጨምር 700 ግራም አካባቢ ያስፈልጋል። 300 ግራም የሚመዝን «50,000» ውስጡ ቢበዛ አራት አምስት ባትሪ ነው። ታማኝ የሆነ 10,000 ብቻውን 200 ግራም አካባቢ ይመዝናል። መክበዱ ግን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ ለክብደት ብለው አሸዋ ወይም ብረት የሚሞሉ አሉ። ርግጡን የሚነግራችሁ በፓወር ባንኩና በስልኩ መሃል የሚሰካ ትንሽ የዩኤስቢ መለኪያ ነው፤ ፓወር ባንኩን ሞልታችሁ እስኪያልቅ ቻርጅ አድርጉበትና የወጣውን ዋት ሰዓት አንብቡ። ከተጻፈው 85 ወይም 90 በመቶ ከሰጠ ደህና ነው። ቁጥሩ የተሰላው በባትሪው 3.7 ቮልት ሲሆን የሚወጣው በ5 ቮልት ስለሆነ ታማኝ 10,000 ስልኩ ጋር የሚደርሰው 6,300 ቢሆን አትቆጡ።

ለተጓዥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 27,000 ገደማ ነው፤ ያውም በእጅ ሻንጣ ብቻ። ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ በጭራሽ አይገባም። ፍተሻ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያነበው የተጻፈውን ነው። ውስጡ 14,000 ብቻ ቢሆንም ላዩ 50,000 ካለ 185 ዋት ሰዓት ብሎ ይወስድባችኋል። ጽሑፉ የደበዘዘ ወይም ጨርሶ የሌለውም እንዲሁ። በቻይና የአገር ውስጥ በረራ ላይ ከፈረንጆቹ ጁን 28 ቀን 2025 ጀምሮ የ3ሲ ምልክት (የቻይና የደኅንነት ማረጋገጫ) የሌለው ፓወር ባንክ አይሳፈርም።

በጀርባው የፀሐይ ሰሌዳ የተለጠፈበትንም ለሰሌዳው ብላችሁ አትግዙ። የስልክ ያህል ስፋት ያለው ሰሌዳ ጠራራ ፀሐይ ላይ ከ1 እስከ 2 ዋት ነው የሚያመነጨው። 20,000 የሚለውን ባትሪ፣ 74 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው፣ ለመሙላት 50 ሰዓት ያህል የቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋል። ባትሪውን ይህን ያህል ፀሐይ ላይ ማስጣት ደግሞ ዕድሜውን ያሳጥራል፣ አደጋም አለው።

ከተታለላችሁ ገንዘባችሁን ለማስመለስ ጊዜው አጭር ስለሆነ ዕቃው በደረሰ ዕለት ፈትሹ። ክርክሩ ሳያልቅ ቀፎውን አትክፈቱ፤ ሻጩ «ራሳቸው ሰበሩት» ይላል። የፍተሻውን ውጤት ስክሪንሹት፣ የማሸጊያውንና የዕቃውን ፎቶ ያዙ፤ ፓወር ባንክ ከሆነ ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ አንሱት። ሻጩ ፎርማት አድርጉት፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ፣ ትንሽ ጠብቁ እያለ የመመለሻ ቀኑን ሊያሳልፍባችሁ ይሞክራል። ግማሹን ልመልስና ዕቃው ይቅርላችሁም ይላል፤ ከተቀበላችሁ አቤቱታው በዚያው ሊዘጋ ይችላል። በግል መልእክት ሳይሆን በገበያው የአቤቱታ መስመር ጻፉ። «አይሠራም» አትበሉ፤ እንደዚያ ካላችሁ ክርክሩ ወደ ጥገና ይሄዳል። እንዲህ በሉ፦ «ማስታወቂያው ላይ 16 ቴራ ተብሏል፤ በፍተሻ የተገኘው 59 ጊጋ ነው፤ ዕቃው ከተገለጸው ጋር አይመሳሰልም፤ ሙሉ ገንዘቤ ይመለስ።»