የፖርቱጋል ሴቶችን ታሪክ በእግር፦ የሊዝበኑ ጉብኝት እንዴት ነው?

ሊዝበን ለምትሄዱ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። የፖርቱጋል ሴቶችን የፖለቲካ ታሪክ በእግር እያዞሩ የሚያሳዩበት ጉብኝት አለ። ከእህቴ ጋር ሄድን። ከሺያዱ ሰፈር ተነስቶ ሳኦ ቤንቱ፣ ፓርላማው ደጃፍ ያበቃል።

አስጎብኚያችን ስልሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። እንግሊዝኛቸው ረጋ ያለ ነው፤ ለመከታተል አይከብድም። የጀመሩት ከካሮሊና ቤያትሪዝ አንጀሉ ነው። ሐኪም ነበረች፤ ባሏ ሞቶ ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ። የ1911 የምርጫ ሕግ መራጩ ወንድ መሆን አለበት ብሎ በግልጽ አልጻፈም። እሷ ይህን ይዛ ፍርድ ቤት ቆመች። ተፈረደላትና በዚያው ዓመት ሜይ 28 ድምፅ ሰጠች። ጥቂት ወራት ቆይታ አረፈች። በ1913 ሕግ አውጪዎቹ ቀዳዳውን ደፈኑት።

እኔን ሙሉ በሙሉ የያዘኝ ግን የአምባገነኑ መሪ የሳላዛር ዘመን ነው። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ከአገር መውጣት አትችልም ነበር፤ ይህ እስከ 1969 ዘልቋል። የሆስፒታል ነርሶች ደግሞ እስከ 1963 ድረስ ማግባት ተከልክለው ነበር። እኔ ራሴ ነርስ ነኝ። እዚህ ላይ ጥያቄ አበዛሁ። ሴትዮዋ አልሰለቹም፤ ነርስ የነበሩት አክስታቸው እጮኛቸውን በድብቅ እያገኙ ዓመታት እንደጠበቁ አጫወቱን። የቤተሰብ አስተዳዳሪው ባል ነው የሚለው ሕግ የቀረው አምባገነኑን ሥርዓት ከጣለው የ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በ1977ቱ ማሻሻያ ነው። ሕግ የተማረችው እህቴ ወዲያው «የእኛም ፍትሐ ብሔር እንደዚያ ይል ነበር እኮ» አለችኝ።

የሴሌስቴ ካዬይሩ ታሪክም ደስ ይላል። የምግብ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ኤፕሪል 25 ቀን 1974 አንድ ወታደር ሲጋራ ጠየቃት። ሲጋራ ስላልነበራት የያዘችውን የካርኔሽን አበባ ሰጠችው። አብዮቱም በአበባው ተጠራ።

ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው። ፓርላማው ደጃፍ ስንደርስ ሰዓት አለቀ ተባለ። በ1979 ጠቅላይ ሚኒስትር ስለሆኑት ማሪያ ደ ሉርደሽ ፒንታሲልጉ የሰማነው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ከእሳቸው በፊትም በኋላም በዚያ ወንበር የተቀመጠች ሴት የለችም፤ ይህ ብቻውን ብዙ ያስወራ ነበር። በ2006 በፓርቲዎች የዕጩ ዝርዝር ውስጥ ሴቶችም ወንዶችም ቢያንስ 33 በመቶ እንዲሆኑ ያስገደደው ሕግ፣ በ2019 ወደ 40 ማደጉም እንዲሁ ታለፈ። እህቴ «ቤት ውስጥስ ዛሬ ማን ነው የሚያበስለው?» ስትላቸው «አሁንም በብዛት እኛው ነን» አሉ። እኔ ሌላ ግማሽ ሰዓት በደስታ እቆም ነበር።

ሌላው፣ ሰዉ በዛ፤ ማዳመጫም አይሰጡም። ትራም ሲያልፍ ምንም አይሰማም። ሊዝበን ዳገት ነው፣ ጫማችሁን አስቡበት። የፓርላማውን ጥያቄ ደግሞ ገና ሺያዱ ላይ ሳላችሁ ጠይቋቸው።