ፐርሜትሪን 5 በመቶ፦ መድኃኒቱ ጥሩ፣ መመሪያው ጎዶሎ

ቤታችን እከክ ገብቶ ከሰፈር ፋርማሲ የገዛነው የፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት፣ ብዙዎች ከሚያውቁት የእከክ መድኃኒት ከቤንዚል ቤንዞኤት ይልቅ ቆዳን እምብዛም የማያቃጥል በመሆኑ በተለይ ለልጆች ይመቻል። በፈዋሽነቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅር ያሰኘኝ ባለ 30 ግራሙ ቱቦ ለአንድ አዋቂ አንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ሆኖ ሳለ ይህን የሚነግር ሻጭ አለመኖሩ፣ አብሮት ያለው ወረቀትም በእንግሊዝኛ ብቻ መጻፉ ነው።

ቅባቱ የሚያሳክከውን ቦታ ብቻ እየመረጡ የሚቀቡት አይደለም። ከአንገት በታች ያለው ገላ በሙሉ፣ የጣቶች መካከል፣ የጥፍር ሥር፣ እምብርትና ብልት አካባቢ ሳይቀር ተቀብቶ ከ8 እስከ 14 ሰዓት ከቆየ በኋላ ይታጠባል፤ ስለዚህ ማታ ተቀብቶ ማደሩ ይቀላል። በመሃል እጁን የታጠበ ሰው እጁን ደግሞ ይቀባል። ከሳምንት በኋላም ሁሉም ይደገማል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ እስኪጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ ምንም ያልተሰማው የቤተሰብ አባልም በዚያው ሌሊት ካልተቀባ እከኩ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ቱቦ ገዝቶ ለቤተሰብ ማብቃቃት ገንዘብ መጣል ነው የምለውም ለዚህ ነው። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውኃ ይታጠባል፣ የማይታጠበው በላስቲክ ታስሮ ለሳምንት ያህል ይቀመጣል። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ለ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ቶሎ መደምደም አይገባም።

በ2008 ዓ.ም. ድርቅ በአማራ ክልል ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች በእከክ በተያዙ ጊዜ፣ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ቅባት ማዳረስ ከባድ ነበርና የሚዋጠው አይቨርሜክቲን በዘመቻ ታድሏል። ቅባቱ ግን ክኒኑ ለማይሰጣቸው እርጉዞችና ክብደታቸው ከ15 ኪሎ በታች ለሆኑ ሕፃናት ጥቅሙ የጎላ ነው፤ ሁለት ወር ላልሞላቸው ጨቅላዎች ግን ሐኪም ይወስን።

ከመግዛት በፊት ሕመሙ እከክ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ሽፍታ የሚያወጣ፣ አብሮ የሚኖረውንም የሚያሳክክ ከሆነ እከክ መሆኑ ያመዝናል። ችፌ መስሏቸው ቤታሜታዞን የተባለውን የስቴሮይድ ቅባት የሚቀቡ ሰዎች ማሳከኩ ለጊዜው ቢቀልላቸውም እከኩን የሚያመጣው ጥቃቅን ተባይ መራባቱን ይቀጥላል፣ ምልክቱም ይደበዝዛል። መግል የያዘ እከክ ለኩላሊት ጭምር ስለሚያሰጋ ሕክምና ያስፈልገዋል። የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያየ ሰው ደግሞ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ፋርማሲውን አልፎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።