ብሎንዲ ወይስ ኢቦኒ? ቦሌ ቢር ጋርደን ለምትሄዱ

ቢር ጋርደን ገብታችሁ ስትቀመጡ ምርጫው ቀላል ይመስላል፤ ቢጫው ብሎንዲ፣ ጥቁሩ ኢቦኒ። ሁለቱም እዚያው ቤት የሚጠመቁ የጋርደን ብሮይ ቢራዎች ናቸው። ብዙ ሰው ታዲያ «ጥቁሩ ከባድ ነው፣ ቶሎ ይመታል» ብሎ ሳይቀምሰው ያልፈዋል። ስህተት ነው። ጥቁረቱ የሚመጣው ከተቆላ ብቅል ነው፣ ከአልኮል መጠን ጋር ምንም አያገናኘውም።

የጊዮርጊስ ድራፍት የለመደ ሰው ብሎንዲ አይከብደውም። ለስለስ ያለ ነው፣ መራራነቱም አያስቸግርም። ግን ብርጭቆውን ወደ መብራት ከፍ አድርጉት፤ እንደ ፋብሪካው ቢራ ጥርት ብሎ አያሳይም፣ ደብዘዝ ይላል። «አተላ አለው» ብላችሁ እንዳትመልሱት! ስላልተጣራ ነው፤ እርሾው ውስጡ ስለቀረ ትኩስ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፣ አፍ ላይም ሞላ ይላል። ቃሪያና አዋዜ ካለው ጥብስ ጋር እኔ ብሎንዲን ነው የማዘው፤ ጋዙ ቅባቱን ጠርጎ ይወስደዋል።

ኢቦኒ ሌላ ዓለም ነው። ከመጠጣታችሁ በፊት አሽትቱት። ለጠላ አሻሮ ሲታመስ ግቢውን የሚሞላው ሽታ አለ አይደል? ወደዚያ ይጠጋል። መጀመሪያ ትንሽ ጣፈጥ ይላል፣ ከዚያ እንደ ጥቁር ቡና መረር ብሎ ያልቃል። በጣም ቀዝቅዞ ከመጣ ትንሽ ታገሱት፣ ቅዝቃዜ ሽታውን ይደብቀዋል። ከቋሊማና ከተጠበሰ ሥጋ ጋር ይሄዳል፤ ከሚያቃጥል ምግብ ጋር ግን አይስማማም፣ ምሬቱ ይበዛል። ያለ ምግብ አንድ ብርጭቆ ይዤ ልቀመጥ ካላችሁ ደግሞ ያለ ጥርጥር ኢቦኒ።

ጠረጴዛ ላይ የሚቆመው ባለ ቧንቧ ረጅሙ የቢራ መቅጃ ፎቶ ላይ ያምራል። ግን አራት ሰው ካልሆናችሁ አትዘዙት፤ እያወራችሁ ይሞቃል፣ ጋዙም ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ የምትቀዱት ነገር ቢራ አይባልም። በብርጭቆ ይሻላል።

ኳስ እያያችሁ እስከ ማታ ለመቀመጥ ከሆነ፣ ለኪሳችሁም ካሰባችሁ፣ የሰፈር ጃምቦ ቤት ያዋጣል። ደንበኛ የሚበዛበትን ምረጡ፤ በርሜሉ ቶሎ ያልቃል፣ ቢራው አይቆይም። ድራፍቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ምናልባት ቱቦው አልታጠበም ማለት ነው፣ መልሱት። አረፋው ወዲያው ከጠፋም ብርጭቆውን ተጠራጠሩ፣ ሳሙና ወይም ቅባት ሊኖርበት ይችላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቢር ጋርደን የምትሄዱ ግን ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንድ አንድ አዝዛችሁ ተቀያየሩ። ከብሎንዲ ጀምሩ፤ ከኢቦኒ በኋላ ብሎንዲ ውሃ ውሃ ይላል። መኪና የያዘው ሰው አምቦ ውሃውን ይጠጣ።