ጂኤምቲ፣ ጨረቃ ወይስ ፐርፔችዋል ካላንደር? ሐዋሳ ላይ ሆኖ የቅንጦት ሰዓት ለሚመርጥ

አዲስ ሜካኒካል ሰዓት በወጣ ቁጥር ልቡ ድንግጥ የሚል ሰው ሐዋሳም ውስጥ አለ። እኔ አንዱ ነኝ። ባትሪ የለው፣ ቺፕ የለው። የተጠቀለለ ሞላ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርሶቹን ያዞራል፣ ጥርሶቹ ቆጣሪዎቹን ይገፋሉ፣ በቃ። 40 ሚሊሜትር በማትሞላ ክብ ውስጥ ጨረቃዋ ስንት ቀን እንደሆናት የሚያውቅ ማሽን መሥራት ከሰው እጅ ሥራዎች ሁሉ ድንቁ ይመስለኛል።

ሰዓት፣ ደቂቃና ሰከንድ ከመቁጠር ያለፈ ሥራ ሁሉ ኮምፕሊኬሽን ይባላል። የስዊዙ ሰዓት ሠሪ ቫሼሮን ኮንስታንታን በ2025 ሶላሪያ የተባለ 41 ኮምፕሊኬሽን ያለው የእጅ ሰዓት አሳይቷል። 1,521 ክፍሎች አሉት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።) እንዲህ ያለውን በቪዲዮ አይቶ መደነቅ ነው። ብር አውጥቶ ለመግዛት ሲመጣ ግን ጥያቄው ይለወጣል። እነዚህ ሰዓቶች የተሠሩት ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ለሚጀምር፣ ዓመቱንም 12 ወር ብሎ ለሚቆጥር ሰው ነው። እኛ ሰዓት መቁጠር የምንጀምረው ከንጋት ነው። ወራችንም 13 ነው። ስለዚህ ጄኔቫ ላይ ቁንጮ የሚባለው ኮምፕሊኬሽን እዚህ ሥራ ፈት ይሆናል። ቀላል የሚባለው ደግሞ በየቀኑ ያገለግላል። የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ ጂኤምቲ

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይሄንን ነው። ጂኤምቲ አራተኛ ቆጣሪ የተጨመረለት ሰዓት ነው። ይቺ ቆጣሪ በ24 ሰዓት አንድ ዙር ብቻ ትዞራለች። ስሙን ያስጠራው ሮሌክስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ፓን አም ለተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ አብራሪዎች ብሎ የሠራው ጂኤምቲ ማስተር ነው። አብራሪዎቹ ሁለት አገር ለማየት ፈለጉት። እኛ እዚሁ ሐዋሳ ቁጭ ብለን በሁለት አቆጣጠር ስለምንኖር ከእነሱ የበለጠ ይጠቅመናል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ዋናዎቹን ቆጣሪዎች በሀበሻ ሰዓት፣ አራተኛዋን በፈረንጅ ታደርጋላችሁ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አጭሩ ቆጣሪ 2 ላይ ነው፣ አራተኛዋ 8 ላይ። የአውሮፕላን ትኬቱንና የዙም ስብሰባውን በአንዱ፣ ሥራ መግቢያውንና የለቅሶ ቤቱን በሌላው ታያላችሁ። 6 መደመርና መቀነስ ቀረ ማለት ነው።

ሁለት ዓይነት ጂኤምቲ አለ፤ ሻጮች ይሄን ብዙም አይናገሩም። በአንደኛው፣ መሙያውን (ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ) አንድ ደረጃ ስባችሁ ስታዞሩ ለብቻዋ የምትንቀሳቀሰው አራተኛዋ ቆጣሪ ናት። ሴይኮ 5 ጂኤምቲ እንዲህ ነው። በሌላው ዋናዋ የሰዓት ቆጣሪ ናት ደቂቃው ሳይነካ አንድ አንድ ሰዓት እየዘለለች ወደፊትም ወደኋላም የምትሄደው። ቱዶር ብላክ ቤይ 58 ጂኤምቲ እና ሎንጂን ስፒሪት ዙሉ ታይም ከዚህ ወገን ናቸው። አድናቂዎች «እውነተኛው ጂኤምቲ» የሚሉት ይሄንን ነው፤ ለተጓዥ ስለሚመች። ዓመቱን ሙሉ ከሐዋሳ ለማይወጣ ሰው ግን በመጀመሪያው የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሁለተኛውን ዓይነት የገዛ ሰው አንድ በጣም የምወዳትን ነገር ያገኛል። ጠዋት 2 ሰዓት ነው እንበል። መጀመሪያ ሁሉንም በፈረንጅ 8 ላይ ታስተካክላላችሁ። ከዚያ አጭሩን ቆጣሪ 6 ጊዜ ወደኋላ ታዘልላላችሁ፤ 2 ላይ ይቆማል። ቀኑን የሚቀይረው ይሄ ቆጣሪ ስለሆነ፣ ከዚያን ዕለት ጀምሮ የቀኗ ቁጥር የምትገለበጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑ ይቀርና ንጋት 12 ላይ ይሆናል። ልክ እኛ «ነጋ» እንደምንለው። ወደኋላ በመዝለል ፈንታ 6 ጊዜ ወደፊት ብታዘልሉት ደግሞ ያው 2 ላይ ይቆማል፤ ቀኑ ግን የሚቀየረው ምሽት 12 ላይ ነው። በዓል ከዋዜማው ማታ ይገባል ብሎ ለሚያስብ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ምሽቱ ይመቸዋል። የስዊዝ መሐንዲሶች ይሄን አስበው አልሠሩትም። ግን ማሽኑ እሺ ይላል።

ሴይኮ ላይም ንጋት ላይ ማስቀየር ይቻላል፤ ዋናዎቹን ቆጣሪዎች ስታዞሩ ቀኑ የሚዘልበትን 12 እንደ ንጋት ቆጥራችሁ መቀጠል ነው። ብቻ ቆጣሪው ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 3 ባለበት ጊዜ ቀኑን በመሙያው ለመለወጥ አትሞክሩ። በዚያ ሰዓት ጥርሶቹ ተያይዘዋል፤ መጎተት ይሰብራቸዋል።

ከቱዶርና ከሎንጂን የቱ? ሁለቱም 39 ሚሊሜትር ናቸው፣ ሎንጂን 42ም አለው። ቱዶር በ2024 ነው የወጣው። 200 ሜትር ውኃ ይችላል፣ ቀጠን ያለ ነው፣ አንዴ ከሞላ 65 ሰዓት ያህል ይሄዳል። ውጭ አገር ዋጋው ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ሎንጂን ከ3 ሺህ በላይ ሆኖ 72 ሰዓት ይሄዳል፣ 100 ሜትር ይችላል። ዙሪያ ቀለበቱ ሴራሚክ ስለሆነ በቀላሉ አይጫርም፤ የቱዶሩ አልሙኒየም ነው። ሐይቅ ውስጥ የሚዋኝ ሰው ቱዶርን ይውሰድ። ለሌላው ሰው ሎንጂን ይበልጥብኛል። ሴይኮው በ2022 ሲወጣ 475 ዶላር ነበር። የቅንጦት ሰዓት አይባልም፣ የሀበሻና የፈረንጅ ሥራውን ግን እኩል ይሠራል።

ዋሽንግተን እህት ወይም ወንድም ያለው ሰው ደግሞ የዙሪያ ቀለበቱን ይጠቀም። በክረምታቸው ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ በበጋቸው 7። ቀለበቱን በሰዓት አዟዟር 8 ሰዓት ያህል ካዞራችሁት አራተኛዋ ቆጣሪ ቀለበቱ ላይ የእነሱን ሰዓት ታነባለች። ሌሊት ደውሎ መቀስቀስ የለም። ሪያድ ወይም ጅዳ ለሚደውል አያስፈልግም፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

ጨረቃ ከማንም ካላንደር ጋር አትጣላም

ሁለተኛው ምርጫዬ የጨረቃ ሰዓት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሀበሻው፣ የፈረንጁና የሂጅራው ቀን ይለያያል፤ ሰማይ ላይ ያለችው ጨረቃ ግን አንድ ናት። ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ በአማካይ 29.53 ቀን ነው። በተለመደው አሠራር ሁለት ጨረቃ የተሳለበት ሳህን 59 ጥርስ ባለው ጎማ ይዞራል። ለሁለት ሲካፈል 29 ቀን ተኩል ይመጣል። የቀረችው ልዩነት ተጠራቅማ በ2 ዓመት ከ7 ወር ገደማ አንድ ቀን ትሆናለች። 135 ጥርስ የሚጠቀሙት አንድ ቀን የሚሳሳቱት በ122 ዓመት ነው። አይደብልዩሲ በ2024 ያወጣው ኢተርናል ካላንደር ደግሞ ጨረቃው በ45 ሚሊዮን ዓመት አንድ ቀን ይስታል ይላል። መስማቱ ደስ ይላል፤ ለዚያ ልዩነት ተጨማሪ አትክፈሉ። በሁለት ዓመት ተኩል አንዴ መግፋት ምንም አይደለም።

ሐዋሳ ላይ ጨረቃና ኮከብ የዕለት ኑሮ አካል ናቸው። የፍቼ ጫምባላላ ቀን የሚቆረጠው የሲዳማ አያንቶዎች (ኮከብ ቆጣሪዎች) ሰማዩን አይተው ነው፤ በዓሉ በ2015 በዩኔስኮ የተመዘገበውም ይሄን ዕውቀት ይዞ ነው። የፋሲካ ስሌት ጨረቃን ይከተላል። ረመዳንም በጨረቃ ይገባል። ሦስቱንም የሚያከብሩ ጎረቤቶች ባሉበት ከተማ ይሄ ኮምፕሊኬሽን ለጌጥ ብቻ አይሆንም።

ለማስተካከል ስልክ አያስፈልግም። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁሙ። ፀሐይ በሐይቁ በኩል ስትጠልቅ ጨረቃዋ ከጀርባችሁ፣ በከተማው በኩል ትወጣለች። በዚያን ሰዓት ሳህኑ ላይ ያለችውን ጨረቃ መስኮቱ መሃል አምጧት። አንድ ነገር ብቻ ይለያል። ሰዓቱ ላይ ያለችው ጨረቃ እንደ አውሮፓ ሰማይ ቆማ ነው የምትሳለው፤ የእኛ አዲስ ጨረቃ ብዙ ጊዜ እንደ ታንኳ ተንጋላ ነው የምትታየው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው።

ሎንጂን ማስተር ኮሌክሽንና ፍሬደሪክ ኮንስታንት ስሊምላይን የጨረቃ ሰዓት አላቸው። ሁለቱም ከሸሚዝ እጅጌ ሥር የሚገቡ፣ ለሠርግም ለቢሮም የሚሆኑ ናቸው። ውኃ ግን አታስነኳቸው።

ፐርፔችዋል ካላንደር፦ አድንቁት፣ አትግዙት

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ ነው፤ ለእኛ ግን አይሆንም። የትኛው ወር 30፣ የትኛው 31፣ ፌብሩዋሪ መቼ 29 እንደሚሆን በጥርስና በዘንግ ብቻ ያውቃል። ፓቴክ ፊሊፕ በ1925 ወደ እጅ ሰዓት አምጥቶታል። ፍሬደሪክ ኮንስታንት በ2016 ከ10 ሺህ ዶላር በታች አውርዶት ብዙዎችን አስገርሟል። አብዛኞቹ እስከ 2100 ድረስ አይነኩም። በዚያ ዓመት ፈረንጆቹ 29ኛዋን ቀን ስለሚዘሉ በእጅ መስተካከል አለባቸው።

እኛ ጋ ያ ሁሉ ዕውቀት ባዶ ይቀራል። በሀበሻ ቀን ብትሞሉት በአብዛኞቹ ወራት ይሳሳታል፤ እንደ ተራ ቀን ገፋ አድርጎ ማስተካከልም አይወድም። ለማስተካከል ከሚያስቸግሩት ሰዓቶች አንዱ እሱ ነው። ሥራው በሙሉ በፈረንጅ ቀን የሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ላኪ ወይም የውጭ ድርጅት ሠራተኛ፣ ሊገዛው ይችላል። ፓቴክ በ1996 ያስጀመረው፣ በዓመት አንዴ ብቻ የሚስተካከለው አኑዋል ካላንደርም ዕጣው ተመሳሳይ ነው።

የሚቆጨኝ ግን አለ። የእኛ ካላንደር ለሰዓት ሠሪ ቀላል ነው። 12 ወር እኩል 30፣ ጳጉሜን 5፣ በየአራት ዓመቱ 6፣ ያለ ምንም ልዩነት። 2100 ምን ይሆናል የሚባል ነገር የለበትም። ቫሼሮን በ2024 ያወጣው በርክሌይ የተባለ የኪስ ሰዓት 63 ኮምፕሊኬሽን አለው፤ አንዱ የቻይና ፐርፔችዋል ካላንደር ነው። የቻይናው ወሩም ዓመቱም ከእኛ በብዙ የሚወሳሰብ ነው። እሱ ከተሠራ ጳጉሜንን የምታውቅ ሰዓት የማትሠራበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለም። አንድ ሠሪ ቢነሳላት የመጀመሪያው ተሰላፊ እኔ ነኝ።

እስከዚያው በሀበሻ ቀን የሚሞላ ተራ የቀን መስኮት በዓመት 13 ጊዜ ይገፋል። በፈረንጅ 5 ጊዜ። ይሄ የሚያስመርረው ሰው ቀን የሌለው ሰዓት ይግዛ።

ኦሜጋ ስፒድማስተር እዚህ ላይ ይገባል። ክሮኖግራፍ ነው (እንደ ሩጫ ሰዓት አስነስታችሁ የምታቆሙት)፣ ቀን የለውም፣ በሀበሻ ሰዓት ትሞሉታላችሁ፣ አለቀ። ናሳ በ1965 ፈትኖ አሳለፈው፣ በ1969 ጨረቃ ላይ ወረደ። የዛሬው 42 ሚሊሜትር ነው፣ በእጅ ይሞላል፣ 50 ሰዓት ያህል ይሄዳል፣ እስከ 15,000 ጋውስ ማግኔት ይቋቋማል። ዋጋው ከ6 ሺህ ዶላር ይበልጣል። በየቀኑ መሙላቱ ለአንዳንዱ ሸክም ነው። አንድ የማውቃቸው ጋሼ ግን ጠዋት ቡናው እስኪቀርብ ድረስ መሙያውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት እያሹ ይሞላሉ። እንቢ እስኪላቸው። ፊታቸውን ላየ ሰው ሸክም አይደለም።

ክሮኖግራፉ የሚሠራውን ለማየት ወደ ሻሸመኔ ስትሄዱ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጡ። ከአንዱ የኪሎሜትር ምልክት እስከሚቀጥለው ለኩ። 45 ሰከንድ ከወሰደ ቆጣሪው ጠርዝ ላይ 80 ያሳያል፤ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ማለት ነው። ውኃው 50 ሜትር የሚል ቢሆንም ቁልፎቹን ውኃ ውስጥ አትጫኑ።

ቱርቢዮንን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሰዓት ሠሪው ብሬጌ በ1801 ፓተንት ያወጣበት፣ ኪስ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰዓትን የምድር ስበት እንዳያስተው የሚያሽከረክር ዘዴ ነው። እጅ ላይ ያለ ሰዓት ቀኑን ሙሉ ስለሚገላበጥ ያን ያህል አያስፈልገውም። ለዓይን ግን ዳንስ ነው። ሚኒት ሪፒተር ይሻላል፤ ሲነኩት ሰዓቱን በደወል ይናገራል። በሀበሻ ብትሞሉትም በሀበሻ ይደውላል። 12 ከ59 ላይ 12 የሰዓት፣ 3 የሩብ፣ 14 የደቂቃ ምት። መብራት ከመምጣቱ በፊት ለጨለማ የተሠራ ነው። የትልልቆቹ ቤቶች ግን በመቶ ሺዎች ዶላር ነው የሚጠሩት።

ከመክፈላችሁ በፊት

ሜካኒካል ሰዓት በየ5 እስከ 8 ዓመቱ መፈታትና መቀባት አለበት። ኮምፕሊኬሽኑ በበዛ ቁጥር ይሄ ወጪ ይበዛል። እዚህ ያሉ ሰዓት ሠሪዎች ማሰሪያና ተራ ጥገና በደንብ ይሠራሉ፤ ሴይኮን አብዛኞቹ ያውቁታል። ክሮኖግራፍና ካላንደር ግን ወደ አምራቹ ማዕከል መላክ አለበት። ውጭ የሚመላለስ ዘመድ ከሌላችሁ ይሄን ከዋጋው ጋር አስሉት።

ሱቅ ውስጥ አትቸኩሉ። መሙያውን ስባችሁ ቆጣሪዎቹን ሙሉ 24 ሰዓት አዙሩ። ቀኑ የሚዘለው 12 ግድም መሆን አለበት። የጂኤምቲዋ ቆጣሪ ሰዓቱ ድፍን ሲል ቁጥሯ ላይ ልክ ትረፍ። ክሮኖግራፍ ከሆነ አስነሱት፣ አቁሙት፣ መልሱት፤ ሰከንዱ 12 ላይ ልክ ካልቆመ ሌላ ይምጣላችሁ በሉ። የዋስትና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥርና ሰዓቱ ላይ የተቀረጸው አንድ መሆኑን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።