ሜምቴስት86+፦ ሁለቴ ፎርማት ከማድረጌ በፊት ማን በነገረኝ!

ለሦስት ሳምንት ያህል ኮምፒውተሬ ሊያሳብደኝ ነበር። ስጽፍ ቀጥ ይላል፣ ቪዲዮ ሳይ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳልነካው ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። የሚጽፈው የስህተት ስም እንኳ አንድ አይደለም፤ የዛሬውን አንብቤ ሳልጨርስ ነገ ሌላ ይመጣል። ዊንዶውስ ነው ብዬ ፎርማት አደረግኩት። ሁለት ቀን ሰላም ሆነ፣ ከዚያ ያው። ደግሜ ፎርማት አደረግኩት (አትሳቁ)። ጓደኛዬ "ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ቀይረው" አለኝ። ልገዛ ስል ነው ሜምቴስት86+ ትዝ ያለኝ።

ራም (ኮምፒውተሩ እየሰራ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) የሚፈትሽ ነፃ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ላይ አይጫንም፤ ፍላሽ ላይ ታደርጉትና ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሳል። ዋናው ጥቅሙም ይሄ ነው። ዊንዶውስ እየሰራ ከሆነ ከራሙ የተወሰነውን እሱ ይዞታል፣ የተያዘ ቦታ ደግሞ እንደልብ አይፈተሽም። ይሄ ግን ብቻውን ስለሚነሳ ራሙን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያገኘዋል። ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ያነበበው ከጻፈው ከተለየ ስህተቱን ከነአድራሻው ያወጣል።

ስሙ ያምታታል። ፕላስ የሌለው ሜምቴስት86 ፓስማርክ የሚባል ኩባንያ ነው፣ ነፃው እትም 4 ዙር ላይ ይቆማል። ባለ ፕላሱ ገደብ የለውም፣ ኮዱም ክፍት ነው። ስታወርዱ ግን አሮጌ እንዳታነሱ፤ ዩኢኤፍአይ (አዳዲስ ኮምፒውተሮች የሚነሱበት፣ የድሮውን ባዮስ የተካው ሥርዓት) ላይ መነሳት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 6ኛው ስሪት ወዲህ ነው። እኔ ጋ ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ፕሮግራም ከፍላሽ እንዳይነሳ የሚከለክለውን) ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ መነሻ ሴቲንግ ውስጥ፣ ገብቼ እስካጠፋው ድረስ እምቢ ብሎኛል፣ ግማሽ ሰዓት በከንቱ አለፈ።

የመጀመሪያው ዙር አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ትልቅ አረንጓዴ "አልፏል" የሚል ጽሑፍ መጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። እኔም ላጠፋው ነበር፣ ደግነቱ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስነሳ ስክሪኑ በቀይ መስመሮች ተሞልቷል፤ ስህተቱ የጀመረው ሦስተኛው ዙር ላይ ነበር። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው የራም መፈተሻ ደግሞ በዋዜማው ራሙ ደህና ነው ብሎኝ ነበር! ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ተዉት።

ስህተት ወጣ ማለት ግን ራሙ ሞተ ማለት አይደለም። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የጻፈውና ያነበበው እንደማይመሳሰል ብቻ ነው። ጥፋቱ የስሎቱ (ራሙ የሚሰካበት ቦታ) ሊሆን ይችላል፣ ሲፒዩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያስሮጠው ኤክስኤምፒ። የትኛው ራም እንደሆነም በአድራሻው ብቻ አይለይም። መጀመሪያ ኤክስኤምፒን አጠፋሁ፣ ስህተቱ አልቀረም። ከዚያ ሁለቱን ባለ 8 ጊጋ ራሞች ተራ በተራ ብቻቸውን ሰካሁ። አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ንጹህ። ሌላኛው በየትኛውም ስሎት ቢገባ ስህተቱን ይዞት ይዞራል። ስህተቱ ራሙን ትቶ ስሎቱ ጋ ቢቀር ኖሮ ወደ ማዘርቦርዱ ወይም ወደ ሲፒዩ እሄድ ነበር።

ለምን በየጊዜው የተለያየ ስህተት እንደሚመጣም የገባኝ ያኔ ነው። የተበላሸችው ቦታ ላይ ምን እንደሚያርፍ አይታወቅማ። ፎቶ ካረፈባት ምናልባት አንድ ነጥብ ቀለም ይቀየራል፣ ማንም ልብ አይለውም። የዊንዶውስ የራሱ አንጀት ካረፈባት ሰማያዊ ስክሪን። ሴቭ የምታደርጉት ፋይል ከሆነ ደግሞ ተበላሽቶ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። እና እኔ ሁለቴ ፎርማት ሳደርግ ዊንዶውሱን የጫንኩት በዚያው በታመመ ራም በኩል ነበር!

ሁሉን አይመልስም። ፓወር ሰፕላይና ግራፊክስ ካርድ አይፈትሽም። ኮምፒውተራችሁ ያለ ሰማያዊ ስክሪን ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ በተለይ ጌም ላይ፣ መጀመሪያ ሙቀቱንና ፓወር ሰፕላዩን እዩ። ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የተፈጠሩ ችግሮችን የሚመዘግብበት) ላይ "ከርነል ፓወር 41" ስላያችሁ ብቻ ግን ፓወር ሰፕላይ እንዳትገዙ። ስሙ ነው የሚያሳስተው፤ የሚለው "ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ነው የተነሳው" ብቻ ነው፣ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

የማልወድለት አንድ ነገር ውጤቱን ፋይል ላይ አለማስቀመጡ ነው፣ ሪስታርት ካደረጋችሁ ጠፋ። በስልክ ፎቶ አንሱት። እኔ ያንን ፎቶ በዋስትናው ለመቀየር ለሻጩ ልኬ መልስ እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያው በአንዱ 8 ጊጋ እየሰራሁ ነው፤ ብዙ ታብ ስከፍት ይንቀራፈፋል፣ ግን ሰማያዊ ስክሪን ካየሁ ሦስት ሳምንት አልፎኛል።