የጫጩት ቤት ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ የሚፈለፈልበትን ቀን ለሠሪው እንዳትነግሩ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ዛሬ ጠዋት 31 የጅግራ ጫጩት በካርቶን ሰብስቤ ቀበርኩ። ገና አምስት ቀናቸው ነበር። ከ47ቱ የቀሩኝ 16 ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ እግራቸውን እየጎተቱ ነው። ቤቱን የሠራልኝ ሰው ደግሞ ስደውልለት «ሴትዮ፣ ፈርመሻል እኮ!» ብሎ ዘጋብኝ።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ቀብድ እስኪቀበል «እርስዎ» ነው። ከተቀበለ በኋላ «አንቺ» ይሆናል። ዕቃው ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው፣ በያጁ ሁልጊዜ አሞታል፣ ነገ ጠዋት የሚባለው ነገር አይነጋም። ይሄን ሁሉ ጠብቄው ነበር። ለዚህም ብዬ ነው የምፈልገውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ የሰጠሁት። የተሞኘሁት ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ያዘዝኩት ተራ ማጎሪያ አልነበረም። የጅግራ ጫጩት እንደ ዶሮ ጫጩት አይደለም፤ ካደገ ማንም አይችለውም፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ብርድና እርጥበት ይገድለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየተቀነሰለት ይሄዳል። ስለዚህ አምፖሉ በሰንሰለት ከፍ ዝቅ የሚል እንዲሆን፣ አየር መውጫው ከላይ እንዲሆን፣ ወለሉ ሊሾ እንዲሆን ጻፍኩ። አራቱም ማዕዘን በኮምፔንሳቶ እንዲጎብጥ ጻፍኩ፤ ጫጩት ሲደነግጥ ወደ ማዕዘን ሮጦ ይደራረባል፣ ከታች ያለውም ይታፈናል። ሽቦውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ፤ የተበየደ፣ ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት። አይጥ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ካገኘ ይገባል። ያ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ሰፊ የዶሮ ሽቦ ያደገ ዶሮ እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ አይጥ አይከለክልም።

ሰውየው ሁሉንም አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ «ለመቼ ነው የሚያስፈልግዎት?» አለኝ። እኔም አፌን ከፍቼ ነገርኩት። እንቁላሉ ማስፈልፈያ ማሽን ውስጥ ከገባ 9 ቀኑ እንደሆነ፣ የጅግራ እንቁላል ከ26 እስከ 28 ቀን እንደሚፈጅበት፣ ከዚያ በኋላ የማስገባበት ሌላ ቦታ እንደሌለኝ፣ ሁሉንም። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረና ቀኑን በማስታወሻው ላይ ጻፈው። እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አሁን ያንን ጽሕፈቱን ሳስብ ሆዴን ይቆርጠኛል። መቼ አማራጭ እንደማይኖረኝ በገዛ አፌ ነግሬው ነው የወጣሁት።

ቤቱ የመጣው በ27ኛው ቀን፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።

ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ቀጥሮኝ ሦስቱንም ጊዜ ቀርቷል። ያን ዕለት ማሽኑ ውስጥ ድምፃቸው ይሰማል፤ ስድስት ሰባቱ ቅርፊቱን ሰንጥቀው ወጥተዋል። ሠራተኞቹ በጨለማ እየተጯጯሁ አቁመው፣ ገጣጥመው ጨረሱ። እሱ የርክክቡን ወረቀት መኪናው ላይ ዘርግቶ በስልኩ መብራት እያበራልኝ ብዕሩን ሰጠኝ። «ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ቶሎ በይኝ እህቴ» አለ። እኔም፣ ቢያንስ ያንን አልረሳሁም፣ «ሽቦው የተስማማንበት ነው?» አልኩት።

አልተቆጣም፣ አልተደናገረም። እጄን ያዘ። በእርጋታ አመልካች ጣቴን ይዞ በደረቴ ከፍታ ባለው ሽቦ ላይ አስቀመጠው። «ግፊው» አለኝ። ገፋሁት፤ አላለፈም። «ሌላ ቦታ ሞክሪ» ብሎ ትንሽ ወደ ጎን ወሰደው፤ እዚያም አላለፈም። መብራቱን ጣቴ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። «እናቴ ትሙት፣ ይሄን ሽቦ ለማንም አልሠራም።» ፈረምኩ። የቀረውን ክፍያ እዚያው ላክሁለት።

የታችኛው ሽቦ የንፋስ መከለያ ጣውላ ተመትቶበት ነበር። ጫጩቶቹን ንፋስ እንዳይመታቸው ነው ብሎኛል፤ ትክክል ነው፣ እኔም የምፈልገው ነገር ነው። ጣውላው ግን ወለሉ ላይ ሳይደርስ ሦስት ጣት ያህል ቀርቶታል። ዛሬ ጠዋት ብሎኑን ፈትቼ ጣውላውን ሳነሳው ከኋላው ያ ሰፊው ባለ ስድስት ማዕዘን ሽቦ አለ። ሦስት ጣቴ አንድ ላይ ገባ። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ከጉልበቴ በታች ያለው በሙሉ እሱ ነው። ሰውየው እጄን የያዘው የት ማስነካት እንዳለበት ስለሚያውቅ ነው። ጣቴን የት እንደማያስቀምጥም ያውቅ ነበር።

ከምንም በላይ የሚያቃጥለኝ ደግሞ ይሄ ነው። ጫጩት ተፈልፍሎ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ከአስኳሉ የቀረለት ስንቅ አለው። ማሽኑ ውስጥ እየደረቀ፣ ምንም ሳይበላ አንድ ቀን ያህል ይቆያል። ይሄን አውቃለሁ፣ ለሌላ ሰው አስተምሬዋለሁ። «ነገ ሲነጋ አይቼ እፈርማለሁ» ብል አንድም ጫጩት አይሞትብኝም ነበር። ድምፃቸውን ስሰማ ግን ልቤ ቸኮለ፣ እሱም ያንን አይቷል።

አራተኛው ማዕዘን ኮምፔንሳቶ አልተመታበትም ነበር። በማግስቱ አይቼ ስደውል «ልጁ ነገ መጥቶ ይጨርሰዋል» አሉኝ። በካርቶን አጎበጥኩት። ካርቶኑ ከውሃ መጠጫው በሚረጨው ረጠበና ትናንት ማታ ተኛ።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የነቃሁት፣ ዝምታው ነው ያነቃኝ። ማታ ማታ የሚሰማው ያ ቀጭን ጭውጭውታ የለም። ስገባ አምፖሉ እንደበራ ነው፣ ቴርሞሜትሩም ልክ ነው። አይጡ የገደላቸው አምስት ናቸው፣ ጣውላው ሥር ተጎትተው አገኘኋቸው። የቀሩት ያቺ ማዕዘን ውስጥ ተከምረዋል። ከላይ ያሉት ይተነፍሳሉ። አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ ታች ስወርድ ሙቅ ናቸው፣ ግን አንገታቸው አይቆምም። የመጨረሻዋን ሳነሳት ከሥሯ ያለው ሰጋቱራ በሰውነቷ ቅርጽ ጠፍጥፎ ቀርቷል።

ስደውል መጀመሪያ ያነሳችው ቢሮ ያለችው ልጅ ናት። ጉዳዩን ስነግራት «ቆይ፣ ጅግራ ምንድን ነው?» አለችና ለሰዎቹ አሰማቻቸው። ሲስቁ እሰማለሁ። አንዱ «ለጫጩት ነው እንዲህ የምታለቅሰው?» ሲል በደንብ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ እሱ መጣ። ስለ ሽቦው ስጠይቀው አልካደም እንኳ። «ከታች ጣውላ አለ፣ ጥሩ ሽቦ እዚያ ምን ያደርጋል? ደግሞ በእጅሽ ነክተሽ፣ አይተሽ ፈርመሻል» አለኝ። በእጅሽ ነክተሽ!

ሊሾውና ጣራው ደህና ናቸው፣ ያልሆነውን ሆነ አልልም። ግን ደህና የሆነው ሁሉ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ነው።

ለምታሠሩ ይህንን ብቻ ልበል። ቤቱ ሳያልቅ እንቁላል ማሽን ውስጥ አታስገቡ፤ ካስገባችሁም ቀኑን ለማንም አትናገሩ። ርክክብ በቀን ይሁን፣ የተከለለ ነገር ካለ አስፈትታችሁ እዩ። ተንበርከካችሁ ከታች ጀምሩ፣ ጣታችሁንም ማንም አይያዘው።

16ቱ መኝታ ቤቴ ውስጥ ካርቶን ውስጥ ናቸው። አምፖሉን ወንበር ላይ አስሬላቸዋለሁ። እግራቸውን ከሚጎትቱት አንዷ አሁን ውሃ ጠጣች።