የልጄን የኬሚስትሪ አስጠኚ አመስግኑልኝ

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ፈቃዳቸውን አልጠየቅኩም። እኛ ቤት ቲቸር ነው የምንላቸው። ዝም ብል ግን ህሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ልጄ ሬዶክስ የሚባለው፣ አንዱ ኤሌክትሮን ሰጥቶ ሌላው የሚቀበልበት ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ተሰናከለች። ሌላው ትምህርቷ ደህና ነበር። የሞል ሬሾ አውጪ፣ ማለትም ስንት ለስንት እንደሚገናኙ አስዪ፣ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ታለቅስ ነበር። አስጠኚ ቀጠርንላት። ሰውየው መልሱን ራሱ ይጽፍና "ገባሽ?" ይላታል። ፈርታ "አዎ" ትላለች። ሰዓቱ ሲሞላ ይሄዳል። ከዚያ ማጠናከሪያ አስገባናት። እዚያ ደግሞ መምህርቷ ጓደኞቿ ፊት "አንቺ ለኬሚስትሪ አልተፈጠርሽም" አለቻት። ልጄ ያን ቀን ሳትናገር ገብታ ተኛች። ይህ ንግግር እስካሁን ያንገበግበኛል። ልጅ እንዲህ ይባላል?

ቲቸር የመጡ ቀን መጀመሪያ ያሉት "የድሮ ደብተርሽን አምጪ" ነው። ቁጭ ብለው ገጽ በገጽ ገለጡት። በቀይ የተሰረዘውን ሁሉ አነበቡ። እኔ ወላጇ እንኳን እንዲህ ረጋ ብዬ አንብቤላት አላውቅም። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ። አሉሚኒየም ከመዳብ አዮን (የኤሌክትሪክ ቻርጅ ከያዘ መዳብ) ጋር፣ አንድ ለአንድ ብላ ጽፋለች። አጠገቡ ቀይ ኤክስ፣ ሌላ ምንም የለም።

"አተሞቹን በትክክል ቆጥረሻል፣ ጎበዝ" አሏት። "እስቲ አሁን ቻርጁን ቁጠሪልኝ።"

ቆጠረች። በግራ ፖዘቲቭ ሁለት፣ በቀኝ ፖዘቲቭ ሦስት። ትንሽ ዝም አለችና ቀና ብላ "አይመጣጠንም!" አለች። ያን ፊቷን ብታዩት!

ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ያስለቀሳት ይህ ነው። አተም ብቻ ነበር የምትቆጥረው። ቻርጁን ቁጠሪ ያላት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቲቸር ከቦርሳቸው ቆርኪ አወጡ። አንዱ ቆርኪ አንድ ኤሌክትሮን ነው። አሉሚኒየም ሦስት ይሰጣል፣ መዳብ ሁለት ይቀበላል። የተሰጠውና የተወሰደው እኩል እስኪሆን ድረስ ቆርኪውን እየገፋች ስድስት ላይ ደረሰች። ሁለት አሉሚኒየም፣ ሦስት መዳብ። ሬሾውን ማንም አልነገራትም፣ ራሷ አገኘችው።

አሁን ፐርማንጋኔት የሚሉት ሐምራዊ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ ያለውን ሳይቀር ትሠራለች። ፐርማንጋኔቱ ውስጥ ያለው ማንጋኒዝ ከ+7 ወደ +2 ሲወርድ አምስት ኤሌክትሮን ይፈልጋል፣ ብረቱ ከ+2 ወደ +3 ሲሄድ የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንድ ለአምስት። 0.002 ሞል ፐርማንጋኔት ካለ 0.01 ሞል ብረት ይፈጃል ብላ ለእኔም አስረድታኛለች። ውሃውና ሃይድሮጅኑ እንዴት እንደሚገባ እኔ አልገባኝም። እሷ ግን ገብቷታል፣ ይበቃኛል።

ልጃችሁ ኬሚስትሪ ላይ ተስፋ የቆረጠባችሁ፣ እባካችሁ እኚህን ሰው ሞክሯቸው። አይቆጡም። አይቸኩሉም። ሰዓቱ ቢያልፍም ልጁ ሳይገባው አይነሱም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እንደ እኛ ሰው ስትቀያይሩ ጊዜ አታባክኑ።

ትናንት ማታ ልጄ አንድ ጥያቄ ተሳሳተች። አላለቀሰችም። "ቆይ፣ ቻርጁን ልቁጠር" አለችና ወደ ደብተሯ ተመለሰች።

ቲቸር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።